እንሶስላ የሞቀ በቆሎ

ዘር ሊገዛ ወደ ባሕር ዳር የመጣው የሜጫው አጎቴ ባለፈው ግንቦት እኛ ቤት አደረ። የገዛው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዘር ነው፤ 12 ኪሎ ተኩል፣ ግማሽ ሄክታር ወይም በእሱ አነጋገር ሁለት ጥማድ የሚያለብስ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንድ ነጋዴ "ምርጥ ዘር" ተብሎ የገዛው ተራ የገበያ በቆሎ ሆኖበት ስለነበር የአሁኑን ሳያይ መተኛት አልቻለም። ሳሎን መሐል ቁጭ ብሎ የከረጢቱን አፍ ፈታ። እናቴ አንድ እፍኝ አነሣችና "ደግሞ በቆሎን ማን እንሶስላ አሞቀው?" አለች። ፍሬው ሁሉ ሮዝ ነበር። አጎቴ ደንገጥ ብሎ "እትዬ መልሺው፤ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ" አላት።

ቀለሙ ማስጠንቀቂያ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ እንዳይሻግት፣ ተባይም እንዳይበላው በመድኃኒት ተለውሷል። ሰው እህል መስሎት እንዳይፈጨው፣ ለዶሮም እንዳይበትነው ሆን ተብሎ ቀለም ይገባበታል። ለነገሩ ቀለም መቀባት ለአጭበርባሪም አይከብድም፤ ስለዚህ አጎቴ ያንን ምሽት ያየው ነገር ብዙም ማረጋገጫ አልነበረም። ማኅተሙን፣ የምርት ዓመቱንና የሻጩን ደረሰኝ ማየት ይሻለው ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች እፍኝ ውስጥ ሁለት ንግዶች ተጣብቀዋል፤ የዘሩና የመድኃኒቱ። በዓለም ላይ ትልልቆቹ ዘር ሻጮች እነማን ናቸው ብለን ብንጠይቅ የምናገኛቸው ስሞች የትልልቆቹ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ሻጮች ስሞች ናቸው። መርዝ የሚቀምም ፋብሪካን ገበሬ ጎተራ ምን አስገባው? ነገሩ ሲፈታ ውሉ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል፦ ገበሬው በሚቀጥለው ግንቦትም ተመልሶ መምጣት አለበት። ንግዱ ሁሉ የተሠራው በዚህ ዙሪያ ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘር ለነጋዴ የማይመች ዕቃ ነው። ምጣድ የገዛ ሰው ምጣዱ አይወልድለትም፤ ሲሰበር ተመልሶ ይገዛል። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ግን በአምስት ስድስት ወር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እኅቶች ይዛ ትመጣለች። ዘር የሸጠ ሰው ለደንበኛው ዕቃውንና የዕቃውን ፋብሪካ አብሮ ሸጦለታል ማለት ነው። የእኛ አያቶች ጥሩ ጥሩውን የበቆሎ ራስ መርጠው፣ ሽፋኑን ገልጠው በጥንድ እያሰሩ፣ ጢስ ከሚያገኘው ምድጃ በላይ ይሰቅሉት ነበር። ለማንም ሳንቲም አይከፍሉም፤ በዚያ ዓይነት ዓለም ውስጥ የዘር ኩባንያ ሊያድግ አይችልም።

መጀመሪያ የመጣው ቁልፍ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው። ጆርጅ ሻል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1908 ስለ በቆሎ አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ። በቆሎን ከራሱ ጋር ብቻ እያገናኙ ለብዙ ትውልድ ሲያራቡት ይቀጭጫል፣ ይደክማል። እንዲህ የቀጨጩ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ሲዳቀሉ ግን ልጃቸው ከሁለቱም በልጦ፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ፣ ራሱ ሞልቶ ይወጣል። ሄንሪ ዋላስ በ1926 በዚህ ላይ ኩባንያ አቋቋመ፤ በኋላ "ፓዮኒር" የተባለው እሱ ነው። ሰውዬው በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሷል።

ባለሙያዎቹ ይህን ዘር "ድቅል" ይሉታል። ገበሬው "ዲቃላ" ሲለው ደስ አይላቸውም፤ እኔ ግን የገበሬው ቃል ጉዳዩን የበለጠ ይገልጸዋል ባይ ነኝ። ዘሩ የሚመረትበትን ማሳ ያየ ሰው ይገባዋል። አባትና እናት ለየብቻ በረድፍ ይዘራሉ። በቆሎ የወንዴ አበባውን ከአናቱ፣ የሴቴ አበባውን ከወገቡ ላይ የሚያወጣ ተክል ስለሆነ በእናቲቱ ረድፍ ላይ ያለው የአናት አበባ ብናኙን ከመበተኑ በፊት በእጅ ይነቀላል። አንድ ቀን ቢዘገይ እናቲቱ ከራሷ ታረግዛለች፤ ዘሩም ይበላሻል። የጎረቤት በቆሎ ብናኝ በነፋስ እንዳይመጣም ማሳው ከሌሎች በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች መራቅ ይኖርበታል። ለገበሬው የሚሸጠው ከእናቲቱ ረድፍ የተለቀመው ብቻ ነው። ዋጋው ከገበያ በቆሎ እጅግ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሁሉ ጣጣ ነው።

ገበሬው ይህን ዘርቶ ካገኘው ምርት ላይ ለከርሞ ዘር ቢያስቀር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ በየመጠጥ ቤቱ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ "ፈረንጅ ያመከነው ስለሆነ አይበቅልም" ይባላል። ይበቅላል። ዘር እንዳይበቅል የሚያደርግ ቴክኒክ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ባለቤትነቱ ተመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቁጣ ስላስነሣ ገበያ ላይ አልዋለም። በድቅሉ ላይ የሚሆነው ከዚህ ይለያል፦ ዘር ከልጓም ይስባል። በሁለተኛው ዓመት የተሸሸጉት አያቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቶሎ የሚደርስ፣ አንዱ የሚጎትት ይሆናል። ሁለት ወላጆች ብቻ ባሉት ድቅል፣ ከመዳቀል የተገኘው ብልጫ ግማሹ ገደማ በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ማንም አልከለከለውም፤ ሒሳቡ ግን ወደ ሱቁ ይመልሰዋል።

አጎቴ ይህን ስነግረው "እኛስ የምንዘራው ቢኤች የፈረንጅ ነው እንዴ?" አለኝ። አይደለም። ቢኤች ማለት የባኮ ድቅል ማለት ነው፤ በባኮ የበቆሎ ምርምር ማዕከል የወጣ የአገር ሥራ። ቢኤች 660 በ1993፣ ቢኤች 540 በ1995፣ ቢኤች 661 በ2011 ተለቀቁ። በምዕራብ ጎጃም በቆሎን ያነገሡት እነዚህ ናቸው። ዘራቸውን የሚያባዙት በአብዛኛው የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅትም መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከጎናቸው ደግሞ ሊሙ፣ ሾኔና ጃቢ የሚባሉት አሉ፤ እነሱ የፓዮኒር ናቸው። ልዩነቱ ወላጆቹ ጋር ነው። የቢኤች ወላጅ ዘሮች በምርምር ተቋም እጅ ስላሉ ፈቃድ ያለው ሌላ አምራችም ሊያባዛቸው ይችላል። የሊሙን ወላጆች ግን ኩባንያው ብቻ ይዟቸዋል። ለኩባንያ ትልቁ ሀብት ከረጢቱ ውስጥ የሌለው ነገር ነው፤ ልጆቹን ይሸጣል፣ አባትና እናትን ቆልፎ ያስቀምጣል።

እስካሁን ያልኩት የዘሩን ነው። መድኃኒቱስ? በሰው የሚታወቀው የሞንሳንቶ ታሪክ ስለሆነ በእሱ ልለፍ። ኩባንያው በ1901 ሴንት ሉዊስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ሲቋቋም የመጀመሪያ ምርቱ ሳካሪን፣ ማለትም ስኳርን የሚተካ ማጣፈጫ ነበር። በግብርና በኩል ያስጠራው ግን ጆን ፍራንዝ የተባለ ኬሚስቱ በ1970 ያገኘው ግላይፎሴት ነው። በ1974 "ራውንድአፕ" ተብሎ ገበያ ወጣ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ተክሉ ለሕይወቱ የሚያስፈልጉትን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የሚሠራበትን አንዲት መንገድ ይዘጋል። ያ መንገድ በሰውና በእንስሳ ሰውነት ውስጥ የለም። ተክሉ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ቀስ እያለ ይገረጣል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደርቃል።

ችግሩ ግን አይመርጥም። አረሙንም ሰብሉንም እኩል ይገድላል። ስለዚህ ሊረጭ የሚችለው ከዘር በፊት ብቻ ነበር። ሌላ ችግርም እየመጣ ነበር፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጊዜው ያልቃል፤ በአሜሪካ የግላይፎሴት መብት በ2000 አበቃ። ከዚያ በኋላ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው፣ በርካሽ ሊሸጠው ይችላል። ኩባንያው ይህን ቀን አስቀድሞ ያውቀው ነበርና መፍትሔ ሲፈልግ ከገዛ ፋብሪካው ደጃፍ አገኘው። ግላይፎሴት በሚመረትበት ስፍራ ከሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ፣ መርዙ እያለ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተገኙ። መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት ዘረ መል ተወስዶ አኩሪ አተር ውስጥ ገባ። በ1996 ለገበያ የቀረበው ይህ አኩሪ አተር ራውንድአፕ ቢረጭበት አረሙ ይሞታል፣ እሱ ይቆማል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የንግዱን ብልሃት እንየው። ኩባንያው አንድ መርዝና፣ ያ መርዝ የማይገድለውን አንድ ዘር አብሮ ይሸጣል። ዘሩን የገዛ መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ የለመደበት ዘሩን ይፈልጋል። የመድኃኒቱ የመብት ዘመን ሲያልቅ የዘሩ ገና ይጀምራል። እኔ በነጋዴ ዓይን ሳየው ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። በገበሬ ዓይን ሳየው ደግሞ መጀመሪያ የማየው ጉልበቱን ያዳነለትን ነገር ነው፤ በሺህ ሄክታር የሚያርስ የአሜሪካ ገበሬ አረም በእጁ አይነቅልም። የወደደው ተታልሎ አይደለም።

አኩሪ አተር ግን ከራሱ ጋር የሚራባ ስለሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ የድቅል ቁልፍ አይሠራበትም። ስለዚህ በተፈጥሮ ፈንታ ሕግ ገባ። ገበሬው ሲገዛ "ከምርቱ ዘር አላስቀርም" ብሎ ይፈርማል። በኢንዲያና አንድ ገበሬ ከእህል መጋዘን ለመኖ የሚሸጥ አኩሪ አተር ገዝቶ ስለዘራ ተከሰሰ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 ዘጠኙም ዳኞች ለሞንሳንቶ ፈረዱ። የፈጠራ መብት ያለበትን ዘር መዝራት ማባዛት ነው፣ ማባዛትም መቅዳት ነው ተባለ። ለጎጃም ገበሬ ይህን ማስረዳት ሞክሬ አውቃለሁ። "የዘራሁትን አልዘራውም ብዬ ልፈርም?" አለኝ፤ ሳቀም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው መዋዋጥ ነው። አንድ አዲስ የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ንጥረ ነገር ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ 11 ዓመት ገደማና ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ዘርፉ ራሱ ያስጠናው ጥናት ይናገራል። ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ትልቁ ትንሹን፣ ኬሚካሉ ዘሩን ይገዛል። የዋላስ ፓዮኒር በ1999 ዱፖንት በተባለ የኬሚካል ኩባንያ ተጠቀለለ፤ ዱፖንት ከሌላው የኬሚካል ኩባንያ ከዳው ጋር ከተዋሐደ በኋላ በ2019 የእርሻው ክፍል ኮርቴቫ ሆኖ ወጣ። በጎጃም የሚዘራው ሊሙ ባለቤቱ አሁን ኮርቴቫ ነው። የስዊዘርላንዱን ሲንጄንታ የቻይናው ኬምቻይና በ2017 በ43 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ዲዲቲ ነፍሳት እንደሚገድል በ1939 የታወቀበት የባዝሉ ጋይጊ ከሲንጄንታ አያቶች አንዱ ነው። የአስፒሪኑ ባየር ደግሞ በ2018 ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ የሞንሳንቶን ስም ቀበረው። ለውድድር ሲባል እንዲሸጥ የተገደደውን ክፍል የጀርመኑ ባስፍ ወሰደ። በዓለም ለንግድ ከሚቀርበው ዘር ከግማሽ በላዩ በእነዚህ አራቱ፣ በኮርቴቫ፣ በሲንጄንታ፣ በባየርና በባስፍ እጅ ነው።

ማዳበሪያው የት አለ የሚል ይኖራል። ማዳበሪያ ሌላ ንግድ ነው፤ ከእነዚህ ኩባንያዎች ጋር ማምታታት የለብንም። ለእኛ አገር በመንግሥት በኩል በጨረታ ከውጭ ይገዛል፤ ወደ ገበሬው የሚደርሰው እንደ መርከብ ባሉ ዩኒየኖችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። ወደ ጣና ግን ሁሉም አብረው ይመጣሉ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከማሳ አፈርና ማዳበሪያ እያጠቡ ያመጡለታል፤ ከተማዋም የራሷን ፍሳሽ ትጨምርበታለች። ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚመገበው ከዚህ ነው። "ለምን በፀረ አረም አይገድሉትም?" የሚለውን ጥያቄ በታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰምቻለሁ። በሌሎች አገሮች ግላይፎሴትና ቱ ፎር ዲ የተባለ ሌላ ፀረ አረም በእምቦጭ ላይ ተረጭተው ያውቃሉ፤ ይሠራልም። ነገር ግን በጣና ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ራሱም የሚጠጣ ሕዝብ አለ። ሞቶ የሰጠመውም ያው እዚያው ይበሰብሳል። እኔ በዚህ ነገር ከሚፈሩት ወገን ነኝ።

ወደ ሜጫ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ እንደ አንድ ጥቅል የሚሸጠው ነገር ጎጃም የገባው ተበትኖ ነው። በቆሎው የአገር ድቅል፣ ማዳበሪያው የጨረታ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመብት ዘመኑ ያለቀና በየሱቁ በተለያየ የንግድ ስም የሚሸጥ። የእኛ የፈጠራ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123፣ የዕፅዋት ዝርያ ላይ የፈጠራ መብት አይሰጥም። የዕፅዋት አዳቃዮች መብት በሌላ አዋጅ ቢጠበቅም ገበሬው ዘር የማስቀረት መብቱ ቦታ ተሰጥቶታል። በዘረ መል የተለወጠ ሰብልን በተመለከተም አዋጅ ቁጥር 655 መጀመሪያ በጣም ጥብቅ ነበር፤ በ2015 ከላላ በኋላ በ2018 ጓይ ትል የተባለውን ተባይ የሚቋቋም ጥጥ ተፈቅዷል። ጥጡም በጣና ዳር ሳይሆን በቆላው ነው የሚበቅለው።

መድኃኒቱ ተበትኖ መምጣቱ የራሱ አደጋ አለው፤ ከዕቃው ጋር መመሪያው አልመጣም። አጎቴ መንደር አንድ ሰው ጎረቤቱ ጤፉ ላይ ፀረ አረም ረጭቶ ጤፉ ንጹሕ እንደሆነ አየና፣ እሱም ከሱቅ "ፀረ አረም" ብሎ ገዝቶ በበቀለ በቆሎው ላይ ረጨ። በአሥረኛው ቀን በቆሎው ገለባ ሆነ። ጎረቤቱ የረጨው ቱ ፎር ዲ ነበር፤ እሱ የገዛው ግላይፎሴት። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች አሳብዶ በማሳደግ ይገድላል፤ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎን የመሳሰሉ የሣር ዘሮችን ግን በልኩ ከተረጨ ይተዋል። ግላይፎሴት ማንንም አይተውም፤ በእኛ አገር ተገቢ ቦታው ከዘር በፊት ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማረስን ያስቀራል፤ በሬ የሌላቸው ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ቱ ፎር ዲ ደግሞ ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ የጎረቤትን ኑግ፣ ባቄላና ጌሾ ይዞ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ መታየት ያለበት በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን በትንሹ የተጻፈው የንጥረ ነገሩ ስምና መጠኑ ነው። ሦስት ስም ያላቸው ሦስት ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ግላይፎሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ከሥር ያለው ባለቀለም መቀነትም ትርጉም አለው፦ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ከሁሉ የቀለለ። ይህ ቀለም ግን የሚናገረው ዛሬ ቢጠጣ ወይም ቆዳ ላይ ቢፈስ ስለሚያደርገው ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት መርጨት በኋላ ስለሚመጣው ዝም ይላል። ባዶ ዕቃውን ለውኃና ለዘይት መጠቀም ደግሞ ቀለሙ ምንም ይሁን የማይደረግ ነገር ነው፤ ግን ቢጫው ጀሪካን ሲያምር ማን ይጥለዋል?

ግላይፎሴት ካንሰር ያመጣል ወይ? በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም "በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚላቸው ተርታ መደበው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ ያመጣል ብለን አናምንም አሉ። ሰው አንዱን ውሸታም ሊያደርግ ይቸኩላል። ከዓባይ መውጫ አጠገብ ያሉትን ጉማሬዎች አስቡ። ጉማሬ ሰው ይገድላል ወይ ብትሉኝ አዎን ነው። ዛሬ ከመናፈሻው ወንበር ላይ ሻይ የሚጠጣውን ሰው ይገድላል ወይ ብትሉኝ አይደለም። የመጀመሪያው ተቋም የመለሰው ጉማሬው ምን እንደሚችል ነው፤ ሌሎቹ ግን ማስረጃውን በራሳቸው ሚዛን መዝነው፣ ሰውዬው ምን ያህል እንደራቀም ያያሉ። የእኔ ጭንቀት ረጪው ነው፤ ያለ ጓንት፣ በባዶ እግሩ፣ የሚያፈስ መርጫ አዝሎ የሚውለው ሰው በታንኳ ጉማሬው መሐል የገባ ነው። ባየር የሞንሳንቶን ስም ቢቀብርም ክሱን አልቀበረም፤ በ2020 ለነበሩትና ወደፊት ሊመጡ ለሚችሉት ክሶች እስከ 10.9 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል መስማማቱን አስታውቋል፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም።

አረሙም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአሜሪካ አንድ መድኃኒት ብቻ ዓመት ከዓመት ሲረጭ ያልሞቱት አረሞች ተራብተው ግላይፎሴትን የሚንቁ ሆኑ። ለእነሱ ሌላ መድኃኒት፣ ያንን መድኃኒት የሚቋቋም ሌላ ዘር ተሠራ። እዚህም ቢሆን የንብ ባለቤቶችን አነጋግሩ። በበቆሎና በጤፍ መሐል በመስከረም የሚያብበው መችና አደይ ለገበሬው አረም፣ ለንብ ግን ቀለቧ ነው። ማሳው ሲጸዳ ቀፎው ይጎድላል።

ኩባንያዎቹ የማይመጡበትን ቦታ ማየት ደግሞ የሚመጡበትን ያህል ያስተምራል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ወረታ ሳይደረስ ፎገራ ሜዳ ክረምቱን በሩዝ ተሸፍኖ ይታያል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከአማች አማች እየተሰፈረ ነው የተዛመተው። ሩዝ ከራሱ ስለሚራባ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ገበሬው አንዴ ካገኘው አይመለስም። ትልልቆቹ ለእንዲህ ያለ ሰብልና ለእንዲህ ያለ ጥማድ መሬት አይቸኩሉም። አዲስ የሩዝ ዝርያ ይምጣ ከተባለ ሥራው የወረታው የሩዝ ምርምር ማዕከልና የመንግሥት በጀት ዕዳ ነው። ጤፍም እንዲሁ፤ ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ያወጣው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ነው። ጤፍን ፈልጎ የመጣ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነበር፤ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተዋዋለ፣ በ2007 ከአጨዳ በኋላ አቆይቶ በተፈጨ የጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። እናቴ ይህን ስትሰማ "እኛ ታዲያ አጭደን ወዲያው ነበር የምንፈጨው?" አለች። የሄግ ፍርድ ቤትም በ2018 መብቱ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ።

አጎቴ ያንን ከረጢት ወስዶ ሁለቱን ጥማድ በእሱ ዘራ፤ በጥቅምት ስሄድ በቆሎው እንደ ሰልፈኛ እኩል ቆሞ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ግን፣ ከጎመኑ አጠገብ፣ ሌላ የተቀላቀለ በቆሎ አየሁ፤ አንዱ ጣራ የሚነካ፣ አንዱ ከወገቤ የማያልፍ፣ አንዱ የደረቀ፣ አንዱ ገና ጸጉሩ ያልጠቆረ። ካቻምና ከድቅሉ ምርት ያስቀረው ነው። "ይሄ እኮ ምርት አይሰጥም ብዬህ ነበር" አልኩት። አንዱን ራስ ላጥ አድርጎ በጥፍሩ ወጋው፤ ወተቱ ፊቱ ላይ ተረጨ። "ያኛው ሁሉ በአንድ ሳምንት ደርሶ በአንድ ሳምንት ይደርቃል" አለኝ። "ይሄኛው ግን ከነሐሴ ጀምሮ ለልጆቹ እሸት ሲያበላ ይኸው ጥቅምት ደረሰ።"